አባ ድሎት የሠሩት የተከሳሽ ሳጥን

አባ ድሎት የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያቸው ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ባለቤታቸው እንኳ በዚያ ስም የሚጠሯቸው በጣም ሲቆጡ ነው። አናጢ ናቸው። እጃቸው የነካው እንጨት ሁሉ ሰው ያሳርፋል። ለጤና ጣቢያው የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ቢሠሩ፣ ምንም ያላመማቸው ሰዎች ጋዜጣ ይዘው እየመጡ ይቀመጡበት ጀመርና ነርሶቹ በሽተኛውን ከጤነኛው መለየት ቸገራቸው። ለትምህርት ቤቱ ዴስክ ቢሠሩ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ የመኝታ ሰዓት ሆነ ብሎ ርዕሰ መምህሩ ሊወቅሳቸው መጣ። አባ ድሎት ወንበር ሳቡለትና «እስቲ ቁጭ ብለህ አስረዳኝ» አሉት። ተቀመጠ። ተደገፈ። ከዚያ ወዲያ የዴስኩን ነገር አላነሳም ይባላል።

ይህን ሁሉ አስበውበት የሚያደርጉት አይደለም። ሹል ጠርዝ ካዩ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል፤ በቃ። አጠር ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ቅንድባቸው በሰጋቱራ የነጣ ሰው ናቸው። ንግግር አይወዱም። ሰው ሲያናግራቸው የሚናገረውን ትተው የተቀመጠበትን ነው የሚያዩት።

ንግግሩን ሙሉ በሙሉ የተረከቡት ባለቤታቸው እትዬ መርፌ ናቸው። ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጎን፣ በአንድ ግድግዳ በተከፈለች ጠባብ ሱቅ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና መርፌ ይሸጣሉ። ቁልፎቹን በቀለም በቀለም ለይተው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አስቀምጠዋቸዋል፤ ከነጩ ብልቃጥ ውስጥ አንድ የወተት ቀለም ያለው ቁልፍ ቢገባ ያን ቀን ቤቱ ሰላም የለውም። ስማቸው ከሱቁ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሳቸውን የሚያውቁት ግን ይስቃሉ።

ልጃቸው አንዲት ናት። ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይላታል፤ ግማሹ ለማክበር፣ ግማሹ ለማብሸቅ። የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራት። አባቷ ጉልበታቸው ደከም ሲል ሥራዋን ትታ መጣች፤ ሥራ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ አለች። የፋብሪካው ኃላፊ ስትወጣ «በሩ ክፍት ነው፣ መመለስሽ አይቀርም» ብሏት ነበርና፣ ይህቺ ቃል እንደ ስንጥር ተሰክታባት ቀረች።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አዲስ ፍርድ ቤት ተሠርቶ አለቀ። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መደርደሪያውን ማን ይሥራ ተብሎ ውድድር ሲወጣ ኢንጂነሯ ገባችና ፋብሪካውን በለጠች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ለናሙና የተከሳሽ መቆሚያውን ሳጥን ሠርተው ያሳዩ፤ ካማረ ሥራው ሁሉ የእነሱ ነው፤ ካላማረ ለፋብሪካው ይሰጣል ተባለ። ይህ ማለት ኢንጂነሯ ያንን በር ተመልሳ ታንኳኳለች ማለት ነው። አባ ድሎት ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁና መላጊያቸውን መሳል ጀመሩ።

ንድፉን ኮሚቴ ነው ያጸደቀው። አራት ማዕዘን፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ከዚያ በላይ ርብራብ ያለው፣ መቀመጫ የሌለው፣ በሩ ከውጭ የሚቀረቀር ሳጥን ነው። አባ ድሎት በንድፉ ሠሩት፤ ሠሩትም ለማለት ነው እንጂ፣ የላይኛው አግዳሚ እጅ እንዲያርፍበት ክብ ሆነ፣ ርብራቡ «ዓይን ይወጋል» ተብሎ ቀረ፣ ከታችም ለእግር ማሳረፊያ የምትሆን ሳንቃ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ብቅ አለች። ኢንጂነሯ አየችና ራሷን ያዘች።

ሊያዩ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ወጣት ዐቃቤ ሕግ፣ ትልቅ ቦርሳ የተሸከመች ጎልማሳ ጠበቃ፣ እና እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሽማግሌ ዳኛ። ዐቃቤ ሕጉ አግዳሚውን ዳበሰ።

«ይሄማ በረንዳ ነው» አለ። «ሻይ ብቻ ነው የጎደለው።»

ጠበቃዋ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ አሳርፋ ተነፈሰች። እሷን ከጠየቋት ሳጥኑ ራሱ አያስፈልግም፤ ገና ያልተፈረደበትን ሰው እንደ ዶሮ ማጎር ምን ይሉታል፤ ከጎኗ ወንበር ይሰጠውና እንደ ሰው ይነጋገሩ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚለውም ነገር ነበረው። አንዲት ሴት የደበደባት ሰው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ሲያያት ድምጿ ጠፍቶ መዝገቡ እንደተዘጋ ነገራቸው። ሕግ ካልተፈራ የገለባ አጥር ነው፣ ፍርሃቱም ከችሎቱ በር መጀመር አለበት አለ። ጠበቃዋ ደግሞ ፍርሃት ሌባ የሚያጠፋ ቢሆን በአያቶቻችን ዘመን ተገርፎ ባለቀ ነበር ብላ መለሰችለት። ስለ ቅጣት፣ ስለ እስር ቤት፣ ገብቶ ስለሚወጣውና ወጥቶ ስለሚገባው ሲከራከሩ ሰጋቱራው በጫማቸው ሥር ተደላደለ። አባ ድሎት በዚህ ሁሉ መሃል የጠበቃዋን ትከሻ ነበር የሚያዩት፤ ያቺ ቦርሳ ወደ አንድ ጎን አዛብታዋለች።

በመጨረሻ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንድፉ የጸደቀ ስለሆነ በንድፉ ይሠራ፤ ሐሙስ መጥተው ያያሉ፤ የምረቃው ቀን ስለደረሰ ከዚያ ወዲያ ጊዜ የለም አሉ።

ምሳ ላይ ክርክሩ እቤት ገባ። እትዬ መርፌ ካቻምና ሱቃቸው ተሰብሮ ዚፑም የስፌት መኪናውም ተወስዶባቸዋል፤ ከዚያ ጀምሮ በሌባ ነገር ቀልድ አያውቁም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ልታስተኛ ነው እንዴ? ምስማሩን ወደ ውስጥ ምታው፣ ይቆርቁረው።»

አባ ድሎት ጉርሻቸውን እስኪውጡ ቆዩና «የምታጸዳዋ ሴት እጇን ትወጋበታለች» አሉ።

ኢንጂነሯ ሳቋ መጣባት፤ ወዲያው ግን ሐሙስ ትዝ አላት። «አባዬ፣ በሞቴ፣ በንድፉ ብቻ» አለች።

በንድፉ ብቻ ተሠራ። አባ ድሎት ለልጃቸው ሲሉ እጃቸውን እንደ ልጅ እየገሠጹ ሠሩት። ጠርዙ ጠርዝ ሆነ፤ ርብራቡ ርብራብ ሆነ፤ በሩም ቢሆን በማጠፊያው ላይ ልክክ ብሎ ከመግባቱ የተነሣ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል፣ መቀርቀሪያውም ራሱ ይወድቃል። ሥራው እንከን የለውም። አባ ድሎት ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር ሻይ የሚጠጡት።

ረቡዕ ከሰዓት አባትና ልጅ ለሚቀጥለው ሥራ እንጨት ሊመርጡ ወደ መሰንጠቂያው ሄዱ። እትዬ መርፌ ሁለቱንም ቤት ይጠብቁ ጀመር። ገበያው ቀዝቀዝ ሲልባቸው ወደ ሳጥኑ መጡ፤ ዞሩት፤ አንኳኩት። ሌባ ከዚህ ውስጥ ሆኖ ዓለም እንዴት እንደሚታየው ለማወቅ ፈለጉና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። በሩ ከኋላቸው ቀስ ብሎ መጣና ተዘጋ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው በርብራቡ መሃል እጃቸውን ሰደዱ፤ ክርናቸው ላይ ያዛቸው። ባላቸው እንዲህ ደህና አድርገው የሠሩት ነገር የለም ብለው ተራገሙ።

በዚህ መሃል ጫማ አዳሹ የጫማ ክር ሊገዛ መጣ። ሱቁን ባዶ ሲያገኘው ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ አንገቱን አሰገገ፤ እትዬ መርፌን አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ፣ ምን አድርገው ነው?»

«ምን አደርጋለሁ! በሩ ተዘግቶብኝ ነው፣ ክፈትልኝ።»

ጫማ አዳሹ መቀርቀሪያውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ደግሞ እሳቸውን አየ። «ማን እንዳስገባዎት ሳላውቅ እንዴት ብዬ እከፍታለሁ? ነገ እኔ ልጠየቅ?» አለ በጣም በትሕትና።

ቀጥላ የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ደረሰች። እሷ ደግሞ ምን አድርገው ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ባለፈው የገዛችው ዚፕ በመጀመሪያው አጠባ ጥርሱ እንደረገፈ ለጫማ አዳሹ ነገረችው። ጫማ አዳሹም እኮ ሰሞኑን ክሩ ይሳሳል ሲል ነበር፤ አሁን ገባው። አላፊ አግዳሚው ቆም ቆም አለ። አንዱ «ድሮም ዓይናቸው» ሲል ተሰማ፤ ድሮም ዓይናቸው ምን እንደሆነ ግን አልጨረሰውም። እትዬ መርፌ መጀመሪያ ጮሁ፤ ሲጮሁ «ይኸው፣ ሊያመልጡ ነው» የተባለ መሰላቸው። ዝም አሉ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ያመኑ መሰሉ። ፊታቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ከሰዉ ኋላ ዱቄት የለበሰ ሰው ብቅ አለ። የማዕዘኑ ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነው። እትዬ መርፌ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ፤ ምክንያት አላቸው። ሱቃቸው የተሰበረ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ታየ ተብሎ የተከሰሰው እሱ ነው። እሳቸውም ምስክርነት ቆመው፣ በድሮው ፍርድ ቤት ሳጥን ውስጥ ሲያዩት ጊዜ ሌባነቱ ፊቱ ላይ የተጻፈ መስሏቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ጆንያው የዱቄት እንደሆነ አረጋግጦ በነፃ ቢያሰናብተውም፣ እሳቸው አላሰናበቱትም። ይኸው እስከዛሬ ዳቦ የሚገዙት ሁለት መንገድ አቋርጠው ነው።

ጋጋሪው ምንም አልጠየቀም። ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ አለፈና መቀርቀሪያውን አነሣ።

«ይውጡ እትዬ» አለ። «መቀመጫ የለውም፤ ሲቆዩበት ወገብ ይይዛል።»

ክንዳቸውን ደግፎ አወጣቸው፤ ዳቦው እንዳያርርበት ቸኩሎ ሄደ። ሰዉም ምንም እንዳላለ ሰው ተበታተነ። ጫማ አዳሹ ብቻ ቀርቶ «የጫማ ክር ነበር የፈለግኩት» አለ።

ባልና ልጅ ሲመለሱ እትዬ መርፌን ብልቃጦቹ መሃል ተቀምጠው የነጭና የወተት ቀለም ቁልፍ እየለዩ አገኟቸው፤ ሲናደዱ የሚያደርጉት ነው። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ወሬው ጫማ አዳሹ ጋ ሲደርስ ኢንጂነሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ጋጋሪው ጋ ሲደርስ ሳቋ ቆመ። እናትየው ነገ ለዳኛው ይህ ነገር ሳጥን ሳይሆን ምላስ ነው፣ ዝም ብሎ ሰው ያማል እላቸዋለሁ አሉ።

ኢንጂነሯ ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ፣ ጸድቆ የተሰጠን ነው። ጥሩ አይደለም ካልን ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል። ነገ እንኳ ዝም በይልኝ።»

እትዬ መርፌ ልጃቸውን አዩ፤ ሳጥኑን አዩ። ዝም እላለሁ ብለው ማሉላት። ሲምሉ ግን ወደ አባ ድሎት እያዩ ነበር።

ሐሙስ ሦስቱም መጡ። እትዬ መርፌ ከሱቃቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የአንድ ኮት ቁልፍ ይተክላሉ፤ ከንፈራቸውን የገጠሙትን ያህል ቁልፏንም በክር ጠፍረዋታል። ዐቃቤ ሕጉ ሳጥኑን ዞሮ ደስ አለው፤ አሁን ገና ሳጥን ሆነ አለ። ጠበቃዋ አስቀድማ የተሸነፈች ይመስል ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ዳኛው ርብራቡን ነካክተው ሥራው የተዋጣለት እንደሆነ ተናገሩና፣ ለወጉ ያህል ወደ አባ ድሎት ዞረው የሚሉት ነገር እንዳለ ጠየቁ።

ኢንጂነሯ አባቷን አየች። ብዙ ዓመት በሰው ፊት ከሦስት ቃል በላይ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

አባ ድሎት እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ከእጄ የወጣ ነገር ባለቤቱ ሳይሞክረው ሄዶ አያውቅም» አሉ። ላብ አጠመቃቸው። «አንዴ ቢገቡበት።»

ዳኛው ፈገግ አሉና ገቡ። በሩ መጣ፤ ተዘጋ፤ ቀጭ አለ። ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካክለው በርብራቡ መሃል ወደ ሥራ ቤቱ ማየት ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ጫማ አዳሹ የጫማ ክር አልቆበት በበሩ በኩል ብቅ አለ። አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ምን አድርገው ነው?» አለ።

ዐቃቤ ሕጉ ቀላ። ኢንጂነሯ ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛው ጫማ አዳሹን አተኩረው አዩትና «ምን አድርጌ ይመስልሃል?» አሉት።

ጫማ አዳሹ ተጠየቀ፤ አሰበበት። «እንጃ ጌታዬ፤ ፊትዎ ግን ጉቦ የበሉ ይመስላል።»

ዳኛው ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የመጣው፤ ርብራቡን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን እጃቸው እዚያው ርብራቡ ላይ ቀርቶ ነበር። ዘመናቸውን ሁሉ ከፊት ለፊቱ ሲያዩት የኖሩትን ነገር ከውስጥ ሲያዩት ዛሬ ገና እንደሆነ በዝግታ ተናገሩ።

እትዬ መርፌ መሐላቸውን እስከዚህ ድረስ ጠበቁ። አሁን ተነሡ፤ ኮቱ ከጭናቸው ወደቀ። የትናንቱን ነገሩ፤ ጋጋሪውንም አልሸሸጉም።

«እኔ እንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ሳየው ሌባ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ትናንት እኔም ገባሁና መሰልኩ።»

ዐቃቤ ሕጉ ራሱን ነቀነቀ። የእትዬ መርፌ ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ድምጿ የጠፋባትን ሴትስ ምን እናድርጋት፣ ከደበደባት ሰው ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጣት ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህም እውነት ነበር። እትዬ መርፌ ራሳቸው እንኳ፣ ያኔ ምስክር ሲሆኑ ፈርተው እንደነበር አመኑ።

ኢንጂነሯ ማንም ሳያያት ከግድግዳው የተደገፈ ጣውላ ላይ በእርሳስ መሥመር ታሰምር ነበር። ዝቅ ያለ አጥር፣ ከጉልበት ብዙ የማይበልጥ። ከኋላው መቀመጫ። ከጎኑ ለጠባቂ ፖሊስ ሌላ መቀመጫ። የምስክሩ ቦታ በሌላው ማዕዘን፣ ፊቱ ወደ ዳኛው የዞረ። በር የለም፤ መቀርቀሪያ የለም። ጨርሳ ዞር ስትል ሁሉም ከኋላዋ ቆመው ነበር፤ ከዳኛው በቀር፣ እሳቸው የቆሙት ሳጥናቸው ውስጥ ነው።

ዳኛው በርብራቡ መሃል አዩት። ደንበኛዬ ከእኔ ራቀ ብላ ጠበቃዋ አጉረመረመች፤ አጥሩ አጠረ ብሎ ዐቃቤ ሕጉ አጉረመረመ። ሁለቱም እኩል ሲያጉረመርሙ ሰምተው ዳኛው ወደ መፍትሔው የተጠጉ መሰላቸው። ለጊዜው በአንዱ ችሎት ይሞከራል፤ ኮሚቴውን እሳቸው ያስረዱታል፤ ኮሚቴው እንቢ ካለም ስብሰባውን እዚህ ጠርተው በየተራ ያስገቧቸዋል። ሥራውን በሙሉ ለኢንጂነሯ እንደሰጡ፣ ውሉንም ሰኞ መጥታ እንድትፈርም ነገሯት።

«አሁን» አሉ፣ «የሚያስወጣኝ ካለ።»

መቀርቀሪያው አጠገብ የቆመው ዐቃቤ ሕጉ ነበር። አነሣው።

«ዐቃቤ ሕግ ተከሳሽ ሲፈታ ዛሬ አየሁ» አለች ጠበቃዋ። እሱም ሳይወድ ሳቀ።

ሁለቱ እየተከራከሩ ወጡ፤ አስፋልቱን ሲሻገሩ እጃቸው ሲወዛወዝ ይታይ ነበር። እትዬ መርፌ ጫማ አዳሹን ገርመም አድርገው ክሩን ሰጡት፤ ለጸሐፊዋ የሚያደርስላትን አዲስ ዚፕም ጠቀለሉለት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ሱቁን ዘጉ። ወዴት ነው ብላ ልጃቸው ብትጠይቃቸው ዳቦ አልቋል አሉና በማዕዘኑ በኩል ታጠፉ። ሁለት መንገድ አላቋረጡም። ብዙ ቆዩ፤ ሲመለሱም ምን እንደተባባሉ አልተናገሩም፤ ዳቦው ግን ትኩስ ነበር።

አባ ድሎትና ልጃቸው ሳጥኑን መፍታት ጀምረዋል። ማጠፊያው ሲነቀል ጮኸ። እንጨቱ ጥሩ ስለሆነ ለአዲሱ መቀመጫ ይበቃል፤ ኢንጂነሯ ለክታ ምልክት አደረገችበት። አባ ድሎት ምልክቱን አዩና በአውራ ጣታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፤ ጀርባው ጋደል እንዲል።

«አባዬ፣ ፍርድ ቤት ነው እኮ» አለች።

«ሰው ነው እኮ የሚቀመጠው» አሉ አባ ድሎት።

ኢንጂነሯ የድሮውን መሥመር አጠፋችና እርሳሷን ላሰች።